ጂማትን ከመድገም በፊት

ለቢዝነስ ትምህርት ቤት መግቢያ ጂማትን ተፈትኖ የተመኘውን ነጥብ ያላገኘ ሰው ቶሎ የሚመጣለት ሐሳብ «ልድገመው» የሚል ነው። ደንቡም አይከለክለውም፤ 16 ቀን ጠብቆ፣ በ12 ወር ውስጥ እስከ 5 ጊዜ መፈተን ይችላል። እኔ ግን የመጀመሪያው ውጤት ለምን ዝቅ እንዳለ ለይቶ መናገር ያልቻለ አመልካች ለሁለተኛ ጊዜ መክፈል የለበትም እላለሁ።

እ.ኤ.አ. ከ2023 መጨረሻ ወዲህ የሚሰጠው ጂማት ነጥቡ ከ205 እስከ 805 ይደርሳል። ማንኛውም ፈተና የሚለካው በግምት ነውና ይህም የራሱ የስሕተት ወሰን አለው፤ 30 ነጥብ ገደማ ይሆናል። 635 ያገኘ ሰው አንድ ገጽ እንኳ ሳይጨምር ቢደግመው 655 ወይም 615 ሊያገኝ ይችላል፤ በእነዚህ ቁጥሮች መካከል የዕውቀት ልዩነት የለም። ትምህርት ቤቶቹም ነጥቡን የሚያዩት ከሥራ ልምድ፣ ከድርሰት፣ ከድጋፍ ደብዳቤና ከቃለ መጠይቅ ጋር አዳምረው ነው። ለ20 ነጥብ ሲል ሁለት ወር የሚያጠና ሰው ጊዜውን የሚወስደው ከድርሰቱ ነው። ይህ ኪሳራ በደንብ ሊታሰብበት ይገባል።

ምክንያቱ ሲታወቅ ግን ነገሩ ይለወጣል። የሒሳብ፣ የቋንቋና የመረጃ ትንተና ክፍሎቹ እያንዳንዳቸው 45 ደቂቃ አላቸው፤ በጠቅላላው ነጥብም እኩል ይመዝናሉ። በልምምድ ፈተናዎች ደጋግሞ 675 ያገኝ የነበረ ሰው በአንዱ ክፍል ሰዓት አልቆበት 595 ይዞ ቢወጣ፣ የጎደለው የሰዓት አጠቃቀም ነው። ይህ በልምምድ ይታረማል፤ እንዲህ ያለው ሰው ይድገም።

«ትምህርት ቤቱ የሚያየው እኔ መርጬ የላክሁትን ውጤት ብቻ ነው፤ ታዲያ ምን እጎዳለሁ?» የሚሉ አሉ። የመጀመሪያው እውነት ነው፤ ጉዳቱ ግን በኪስም በጊዜም አለ። ክፍያው በአሜሪካ 275 ዶላር ነው። አገር ቤት ላለ አመልካች ደግሞ ብር በገበያ እንዲተመን ከተወሰነበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ አንድ ዶላር የሚጠይቀው ብር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ከዚህ ጥያቄ የሚጠነክረው የነጻ ትምህርት ዕድል ክርክር ነው፤ ከፍ ያለ ነጥብ የክፍያ ድጋፍ ለማግኘት በእርግጥ ይረዳል። ስለዚህ ነጥቡ ትምህርት ቤቱ ካሳወቀው የተማሪዎቹ አማካይ በ50 ወይም በ60 ያነሰ፣ ማመልከቻው ሊዘጋም ወራት የቀሩት ሰው ቢደግም አልቃወምም። አማካዩን የተጠጋ ግን ይተወው።

ውጤቱ ለ5 ዓመት ያገለግላል፤ የሚያስቸኩል ነገር የለም። እባካችሁ ከመመዝገባችሁ በፊት የውጤት ዝርዝራችሁን ክፈቱና የት እንደጎደላችሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። መጻፍ ካቃታችሁ ገንዘቡን አትክፈሉ።