ሐኪሙ ካልጠየቀ ወንዱ አይናገርም

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። አባባሉ እውነት አለው፤ ግን ጥፋቱን ሁሉ ታማሚው ላይ ይጥልና ሐኪሙን ነፃ ያወጣል። እኔ ከዚህ ጋር አልስማማም።

ከራሴ ልጀምር። አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ ሐኪም ዘንድ የሄድኩት በ6ኛ ዓመቴ ነው፤ ያውም ባለቤቴ ቀጠሮ ይዛልኝ። ሐኪሙ ኮምፒውተሩን እያየ «ሌላ የሚያሳስብህ ነገር አለ?» አለኝ። ነበረ። ለወራት እንቅልፍ አጥቻለሁ፣ በረባ ባልረባው እቆጣለሁ፣ በትዳሬም እንደ ድሮው አልነበርኩም። «የለም» አልኩ። ደግሞ አልጠየቀኝም።

ከዓመት በኋላ ሌላ ሐኪም ጋ ሄድኩ። እሷ ግን አጠያየቋን ታውቅበታለች። «አንተ ዕድሜ ላይ ያሉ ብዙ ወንዶች የእንቅልፍና የወሲብ ችግር ይገጥማቸዋል፤ አንተስ?» አለችኝ። ዝርግፍ አደረግኩት። ድብርትም የደም ግፊትም እንዳለብኝ የታወቀው ያን ቀን ነው። ሰውየው ያው እኔ ነኝ፤ የተለየው ጥያቄው ነው።

እኔ የሶፍትዌር ሰው ነኝ። ተጠቃሚው አላማረረም ማለት ሲስተሙ ይሠራል ማለት እንዳልሆነ ሥራችን አስተምሮናል። ሕክምናው ግን ወንዱ ራሱ መጥቶ እስኪያማርር ይጠብቃል።

የዝምታው ዋጋ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ የወንዶች አማካይ የዕድሜ ጣሪያ 75.8፣ የሴቶች 81.1 ዓመት ነበር። ራሳቸውን የሚያጠፉ ወንዶች ቁጥር ከሴቶቹ 4 እጥፍ ገደማ ነው። ድብርት ደግሞ ወንዱ ላይ ብዙ ጊዜ በእንባ ሳይሆን በንዴት፣ በመጠጥ፣ ወይም ቀን ከሌት በመሥራት ስለሚገለጥ፣ ያልሠለጠነ ዓይን ያልፈዋል። ስንፈተ ወሲብም እንዲሁ ነው። ወደ ብልት የሚሄዱት የደም ሥሮች ከልብ የደም ሥሮች የቀጠኑ በመሆናቸው ችግሩ እዚያ ቀድሞ ሊታይ ይችላል። ሐኪሙ አፍሮ ያለፈው ጥያቄ የልብ ሕመም ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ፕሮስቴትን ደግሞ እንይ። በአሜሪካ ከ8 ወንዶች 1ዱ፣ ከጥቁሮች ከ6 1ዱ በዕድሜው የፕሮስቴት ካንሰር ይገኝበታል። የመንግሥት አማካሪ የባለሙያዎች ቡድን በ2018 ያወጣው መመሪያ፣ ከ55 እስከ 69 ዓመት ያለ ወንድ የደም ምርመራውን ለማድረግ ወይም ለመተው ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ ይወስን ይላል። የአሜሪካ ካንሰር ማኅበር ለጥቁር ወንዶች ንግግሩ በ45 ይጀመር ባይ ነው። ልብ በሉ፤ መመሪያው የቆመው በንግግር ላይ ነው። መነጋገር ያልሠለጠነ ሐኪም ፊት መመሪያው ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

ሥልጠናው ጭራሽ የለም አልልም። የአሜሪካ የቤተሰብ ሐኪሞች አካዳሚ ስለ ወንዶች ጤና የሥልጠና መመሪያ አዘጋጅቷል፤ ግን ምክር ነው፣ ግዴታ አይደለም። አየርላንድ በ2008 በዓለም የመጀመሪያውን ብሔራዊ የወንዶች ጤና ፖሊሲ አወጣች፤ ቀጥሎም ሠራተኞች ወንዶችን እንዴት እንደሚቀርቡ የሚያስተምር ሥልጠና ጀመረች። እንግሊዝ የመጀመሪያ ስትራቴጂዋን ያወጣችው ገና በኅዳር 2025 ነው። ስትራቴጂ ደግሞ የሚፈተነው ከሐኪሙ ክፍል በር ወዲያ ነው።

«ሐኪሙ ያለው 15 ደቂቃ ነው» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። የኔዋ ሐኪም ጥያቄ ግን 10 ሰከንድ አልፈጀባትም። የሴቶች ጤና በጀት ይቀነስ የሚልም የለም፤ እንዲያውም በሽታውን የደበቀ ባል ዕዳው ለሚስቱ ነው።

እኛ ደግሞ ሁለት ሸክም አለብን። ያደግነው ጤና ጣቢያ የእናትና የሕፃን ቦታ በሆነበት አገር፣ «ወንድ ልጅ ሆድ አይብሰውም» እየተባልን ነው። በባዕድ ቋንቋ፣ ለማናውቀው ሰው፣ በ15 ደቂቃ ገመናችንን እንድናወጣ መጠበቅ የዋህነት ነው።

በአገር ቤት የቤተሰብ ሕክምና ስፔሻሊቲ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው በ2013 ነው፤ ገና ወጣት ነው፣ ይቀረጻል። እዚህ ያላችሁ ሐኪሞች፣ ለማስተማር ስትሄዱ ይህንንም ያዙ። እኛ ደግሞ ለሚቀጥለው ቀጠሮ ያሳሰበንን ሦስት መስመር ስልካችን ላይ ጽፈን እንግባ። መናገር ካቃተን ስልኩን መስጠት እንችላለን።