ፎቶው ለእነሱ፣ አቧራው ለእኛ

«ይምጡልን ብቻ!» ደባርቅ ውስጥ ቡና በተፈላበት ሁሉ የሚባለው ይኼው ነው። የሰሜኑ ጦርነት ጎብኚዎቹን አስቀራቸው፣ ከዚያ ደግሞ የአማራ ክልሉ ግጭት አስቀራቸው፣ እንግዲህ እንደምንም ይምጡልን። ሆቴል ያለው ይላል፣ ሆቴል የሌለው ይላል። ባለሥልጣኑ በስብሰባ ይላል፣ ሊስትሮው በመንገድ ዳር ይላል። እኔ ግን አልልም። መጥተው አልነበረም ወይ? በደህናው ዘመን በዓመት በሺዎች ይመጡ አልነበረም? ታዲያ ምን ጥለውልን ሄዱ? ይኼን ስጠይቅ ሰው ሁሉ ሲኒው ውስጥ ያቀረቅራል። ማቀርቀሩ ነው የሚያናድደኝ። መልሱን ያውቀዋላ!

እስቲ ያንን «የአንድ ቀን ጉብኝት» የሚሉትን ነገር ገልጠን እንየው። ቡድኑ ጎንደር ያድራል። ከጧቱ 12 ሰዓት ላይ ሚኒባሱ ይነሳል። ወለቃ ላይ ቆም ብሎ የሸክላ ምስል ይገዛል። አምባ ጊዮርጊስን ያልፋል፣ ዳባትን በመስኮት ያያል፣ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደባርቅ ይደርሳል። ደባርቅ የሚቆመው ለሁለት ጉዳይ ነው፤ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ትኬት ለመቁረጥና ለሽንት ቤት። ስካውቱ ጠመንጃውን ይዞ ይሳፈራል፣ አስጎብኚው ይሳፈራል፣ በሩ ድው ይላል። ከዚያ በኮረኮንቹ ፓርኩ ውስጥ ወዳለው ሳንቃ በር። ጭላዳ ታየ፣ ገደል ታየ፣ ፎቶ ተነሳ። ምሳስ? ምሳው ጎንደር የተቋጠረ ነው። ሳንድዊች፣ ሙዝ፣ የታሸገ ውኃ። ማታ ራቱ ጎንደር፣ አልጋው ጎንደር። አዲስ አበባ ሲመለስ ለሽሮ ሜዳ ገበያ ግማሽ ቀን ተመድቦለታል፤ ስጦታውን ሁሉ እዚያ ይሸምታል። ለደባርቅ የቀረው ምንድን ነው? የሙዝ ልጣጭና ባዶ ፕላስቲክ።

ይኼንን ነው እንግዲህ «የቱሪዝም ገቢ» የሚሉን። ላም አለኝ በሰማይ!

ተራራው ላይ የሚያድር ሰው ሌላ ነው። ግጭ ወይም ጨነቅ ድንኳን የሚተክል ሰው በቅሎ ይከራያል፣ ባለበቅሎ ይቀጥራል፣ ምግብ አብሳይ ይቀጥራል። ድንቹን፣ ሽንኩርቱን፣ ዶሮውን ከገበያችን ያስገዛል። የአንድ ሰው ገንዘብ አራትና አምስት ቤት ጓዳ ይገባል። የቀን ጎብኚው ግን ከስካውቱና ከአስጎብኚው አበል በስተቀር አንድም ኪስ አይነካም። ይኼን ልዩነት አስጎብኚ ድርጅቶቹ አያውቁትም? ከእኔና ከአንተ በላይ ያውቁታል። «ጊዜ የለም» ይላሉ። ለሽሮ ሜዳ ግማሽ ቀን የተገኘ ጊዜ ለደባርቅ ገበያ አንድ ሰዓት እንዴት ታጣ?

አንዴ አንድ ቡድን እንደምንም ገበያ ወረደ። እዚያው ነበርኩ። አንዲት እናት ሰፌድ ይዘው ተቀምጠዋል። አክርማውን ራሳቸው የነከሩት፣ ጠርዙ በቀይ ቆዳ የተለበጠ፣ ክረምቱን ሙሉ የተሰፋ። ፈረንጇ አገላብጣ አየችው፤ ወደደችው። ዋጋው ተነገራት። ይኼን ጊዜ አስጎብኚያችን፣ የገዛ አገራችን ልጅ፣ ጎንበስ ብሎ «እማማ፣ ትንሽ ይቀንሱላት እንጂ፣ እንግዳ እኮ ናት» አላቸው። «ለእኔስ ማን ቀነሰልኝ ልጄ?» አሉት። ቢሆንም ቀነሱ፤ 50 ብር። ፈረንጇ ደስ ብሏት ከሰፌዱ ጋር ፎቶ አነሳቻቸው። እኔ የምለው፣ ይኼ ልጅ ጎንደር ያሳደራት ሆቴል ሄዶ «እንግዳ ናት፣ ቀንሱላት» ብሎ ያውቃል? አየር መንገድ ቢሮ ገብቶ ብሏል? እንግዳ አክባሪነት የሚመነዘረው ክረምቱን ሙሉ ሰፌድ በሰፉ እናት መቀነት ላይ ብቻ ነው እንዴ?

ደግሞ ፈረንጁን ብቻ ወቅሼ አላልፍም። የእኛን ሰው እስቲ ተመልከተው። በቡድን ተደራጅቶ ዱባይ ይሄዳል። ዴራ ሲዞር ይውላል፣ ድራጎን ማርት ሲገዛ ይመሻል፣ ሻንጣው ሞልቶ ለትርፍ ኪሎ ይከፍላል። በረሃ ይወስዱታል። ምን አለ እዚያ? አሸዋ። ግን አሸዋው ላይ ድንኳን ተተክሏል፣ ራት ተሰናድቷል፣ ግመል ቆሟል፣ ሂና የምትቀባው ሴት ተቀምጣለች። ለሁሉም ዋጋ አለው፤ ሁሉንም ይከፍላል፤ አንድ ቃል አይተነፍስም። ያው ሰውዬ ከጓደኞቹ ጋር ሰሜን ተራራን ሊያይ ሲመጣ ውኃውን በካርቶን፣ ዳቦውን በጆንያ ከአዲስ አበባ ጭኖ ይመጣል። ደባርቅ ላይ ለፈላ ሻይ ይከራከራል። ገብስ የተሸከመ ገበሬ አቁሞ ፎቶ ይነሳና «የአገሬን ቱሪዝም ደገፍኩ» ብሎ ይለጥፋል። በምንህ ነው የደገፍከው? በትከሻህ?

ዱባዮች አሸዋ ሸጠው ያድራሉ። እኛ ከኢትዮጵያ ውጭ በየትም የማይገኝ ጭላዳና ዋልያ ደጃችን ቆሞ አንድ ስኒ ቡና መሸጥ አቃተን።

«የምንሸጠው የለንማ» ይሉኛል። ውሸት! የሰሜን ገብስ የት ሄደ? በሶው፣ ጠላው የት ሄደ? ማሩስ? ከበግ ጠጉር የተፈተለው ኮፍያ፣ ባናው፣ ሰፌዱ፣ አገልግሉስ? ሁሉም ገበያ አለ። ግን አስፋልት ዳር ያለ ሱቅ ግባ። የምታገኘው ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ካናቴራ ነው። ሆቴል ግባ፤ ማካሮኒ። ጠላ የጠየቀ ፈረንጅ ሲገኝ አሳላፊው ይስቃል፤ ባለቤቱም ይስቃል። በገዛ እንጀራችን እናፍራለን። ሽንት ቤታችን ውኃ የለውም፤ የዋጋ ሰሌዳ አንሰቅልም፤ ለፈረንጅ ሌላ ዋጋ፣ ለአበሻ ሌላ ዋጋ እንጠራለን። ከዚያ «ለምን አያድሩልንም?» እንላለን። ማን ያድራል?

ይኼ ሁሉ ሆኖ ሕፃናት «እስክሪብቶ! እስክሪብቶ!» እያሉ ከመኪና ኋላ ሲሮጡ «አገር አሰደቡ» ብለን አለንጋ እናነሳለን። አገር ያሰደበው ማን ነው? የሚሸጥ ነገር ከእናቱ ተቀብሎ መንገድ ዳር የሚቆምበት ቦታ ያልተሰጠው ልጅ ነው? ወይስ ቦታውን ያልሰጠው ትልቅ ሰው?

ከሁሉ የሚከፋውን ደግሞ ማንም ጮክ ብሎ አይለውም። ይኼ ተራራ እ.ኤ.አ. በ1978 የዓለም ቅርስ ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ገባ። ከመዝገቡ እንዲወጣ ግጦሽና እርሻ መቀነስ ነበረበት፤ ስለዚህ በ2008 ዓ.ም. የግጭ መንደር ሰው ካያት ቅድመ አያቱ ቀዬ ተነሥቶ ደባርቅ ሰፈረ። በዓመቱ ተራራው ከመዝገቡ ወጣ፣ ተጨበጨበ። የጭብጨባው ዋጋ የተከፈለው በእነዚህ ሰዎች ቤት ነው። ከዚያ ወዲያ ሚኒባሱ በከተማቸው ሲያልፍ መስኮቱን እንኳ ዝቅ አድርጎ አያውቅም። በ2011 ዓ.ም. ፓርኩ ሲነድ እስራኤላውያን የእሳት ባለሙያዎች እስኪደርሱ ድረስ ቅጠል ይዞ ገደል የወረደው ማን ነበር? ፎቶ አንሺው? የአካባቢው ገበሬ ነው! ለሚቀጥለው እሳትስ ማን የሚወርድ ይመስልሃል? ተራራው የማያበላውን ሰው «ተራራውን ጠብቅ» ማለት እስከ መቼ ያዋጣል? በጉን ወደ ፓርኩ የሚነዳ፣ አስታውን የሚቆርጥ ሰው ሕግ ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ሒሳቡን ሠርቶ ነው።

«ዋጋችንን ብንናገር ይሸሹብናል» የሚለው ፍርሃት ደግሞ ሌላው ጣጣ ነው። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2017 የጎሪላ ማያ ፈቃዷን በአንድ ቀን ከ750 ወደ 1,500 ዶላር አሳደገች። በዚያው ዓመት በፓርኮቹ ዙሪያ ላለው ሕዝብ የምታካፍለውን ከ5 በመቶ ወደ 10 በመቶ ከፍ አደረገች። ጎብኚው ጨርሶ ሸሸ? አልሸሸም። ዋጋውን የሚያውቅ ሻጭ ነው የሚከበረው። «ይምጡልን ብቻ» የሚል ሻጭ ግን ገና ሳይጠየቅ ቀንሷል።

«አሁን ጊዜው አይደለም፤ መጀመሪያ ሰላም ይውረድ» ትለኛለህ። ሰላም ይውረድ፤ አሜን። ግን ሚኒባሱ እንደ ድሮው ተግተልትሎ ከመጣ በኋላ ማን ይሰማሃል? ሁሉም የቀን ገቢውን ሲቆጥር ስለ ውል ማን ያወራል? ውል የሚዋዋሉት መንገዱ ጭር ባለበት ወቅት ነው።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ተራራውን የሚያይ ቡድን አንድ ምሳ ወይም አንድ ሌሊት ደባርቅ ወይም ዳባት ላይ ያሳልፍ፤ ይኼ በጉብኝቱ ውል ውስጥ ይጻፍ። ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት አጠገብ ለሰፌዱ፣ ለኮፍያውና ለማሩ ቋሚ መሸጫ ይሠራ፣ ዋጋው ይለጠፍ፣ «ቀንሱላት» የሚል አስጎብኚ ከራሱ ኪስ ይሙላ። ሆቴሉ ሽንት ቤቱን ያጽዳ፣ በሶና ጠላውን ሳያፍር ያቅርብ። ከመግቢያው ገንዘብ ለአካባቢው የሚመለሰው ድርሻ በየዓመቱ አደባባይ ይለጠፍ፤ ስሌቱን የግጭ ተፈናቃይም ቆሞ ያንብበው።

አንተ ደግሞ ይኼን እያነበብክ «እውነቱን ነው» ብለህ አንገትህን የምትነቀንቀው ሰውዬ፣ ነቅንቀህ ብቻ እንዳትቀር። «ዝም አይነቅዝም» ብለው አሳደጉን፤ ይኸው ነቀዝን። የሚቀጥለው ስብሰባ ሲጠራ ከኋላ ወንበር ተነሥተህ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቅ፦ ከእያንዳንዱ ትኬት ስንቱ እዚህ ይቀራል? «እናጣራለን» ካሉህ መቼ በል። ቀኑን እስኪነግሩህ ድረስ አትቀመጥ።