የኮሌጅ ተማሪ ትርፍ ጊዜና የታላላቆቹ ድርሻ

«ሥራ ያጣ መነኵሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» ብለው አባቶቻችን የተናገሩት፣ የሰው እጅና ልቡና ያለ ሥራ መቀመጥን እንደማይወዱ፣ የሚጠቅም ነገር ባላገኙ ጊዜም የማይጠቅመውን ፈልገው እንደሚይዙ በማስተዋል ነው። ምሳሌው ለማንኛውም ሰው የሚስማማ ቢሆንም፣ በኮሌጅና በዩኒቨርሲቲ የሚማረው ወጣት ትርፍ ጊዜውን በምን ላይ ማዋል ይገባዋል ለሚለው ጥያቄ ከሁሉ ይልቅ የተገባ ሆኖ ይታየናል።

ስለ ተማሪ ጊዜ አጠቃቀም በተነገረ ቍጥር ነገሩ የተማሪውና የመምህሩ ብቻ ሆኖ ይቈጠራል። ይሁን እንጂ ነገ በአስተዳደሩ ጽሕፈት ቤት ተቀምጦ የባለጉዳይን አቤቱታ የሚመረምረው፣ በነጋዴው መደብር ውስጥ መዝገብና ገንዘብ በአደራ የሚረከበው፣ ዛሬ በኮሌጅ ግቢ ውስጥ የሚመላለሰው ወጣት ነው። ስለዚህ ትርፍ ሰዓቱ በከንቱ ሲያልፍ ኪሳራው የእርሱ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ አስተዳዳሪውም ነጋዴውም ይካፈሉታል። ይህን ጽሑፍ ለተማሪዎች ብቻ ሳይሆን ለታላላቆቻቸውም ያቀረብነው ስለዚህ ነው።

በመጀመሪያ ትርፍ ጊዜ የምንለው ምን ያህል እንደ ሆነ በሒሳብ እንመልከተው። አንድ ተማሪ ከትምህርቱ፣ ከጥናቱ፣ ከምግቡና ከእንቅልፉ ተርፎ በቀን አንድ ሰዓት ብቻ ያገኛል እንበል። በዓመት ውስጥ 300 ቀን በዚህ ሰዓት ቢሠራበት 300 ሰዓት ይሆንለታል፤ በአራት ዓመት ደግሞ 1,200 ሰዓት። ይህን በቀን ስምንት ሰዓት ለሚሠራ ሰው ብናካፍለው 150 የሥራ ቀን፣ ማለት ስድስት ወር ያህል ይወጣዋል። ስድስት ወር ሙሉ ሱቁን ዘግቶ ኪራይ የሚከፍል ነጋዴ ቢገኝ ጎረቤቶቹ ምን እንደሚሉት ለአንባቢዎቻችን መንገር አያስፈልግም። እንግዲህ በዚህ ሒሳብ ውስጥ ቅዳሜና እሑድ፣ ይልቁንም ረጅሙ የክረምት ዕረፍት ገና አልገቡም።

ይህ ጊዜ ዛሬ በምን ላይ እንደሚውል የታወቀ ነው። ብዙው በእጅ ስልክ መስተዋት ላይ ጣት በማንሸራተት ያልቃል፤ ጥቂት የማይባለውም በጫት ቤትና በስፖርት ውርርድ ቤት ይቀራል። ስልኩን በደፈናው ለመንቀፍ አንፈልግም። በዚያው መሣሪያ ቋንቋ የሚማር፣ የኮምፒዩተር ትምህርት የሚከታተል ወጣት መኖሩን እናውቃለን። ነገር ግን መሣሪያው ባለቤቱን የሚያገለግለው ባለቤቱ የሚፈልገውን ለይቶ ባወቀ ጊዜ ነው፤ ሳያውቅ የከፈተው እንደ ሆነ ግን ጌታና ሎሌ ቦታ ይለዋወጣሉ።

ታዲያ ተማሪው ምን ያድርግ? በእኛ አሳብ የቀኑ ሰዓት፣ የሳምንቱ ዕረፍትና የክረምቱ ወራት እያንዳንዳቸው የተለየ ሥራ አላቸው።

የቀኑ አንድ ሰዓት ለንባብ ቢውል መልካም ነው። ንባብ ስንል መምህሩ ለፈተና የሰጠውን ማስታወሻ መደጋገም ማለታችን አይደለም። የሕግ ተማሪ የታሪክ መጽሐፍ፣ የምሕንድስና ተማሪ የቋንቋ መጽሐፍ፣ የንግድ ሥራ ተማሪ የአገሩን መልክዐ ምድር ቢያነብ፣ ከተማረበት ሙያ ውጭ ካለ ሰው ጋር ሊነጋገር የሚችል ሙሉ ሰው ይሆናል። በቀን አሥር ገጽ ብቻ የሚያነብ ሰው በወር 300 ገጽ ያለውን መጽሐፍ ይጨርሳል፤ በዓመት 12፣ በአራት ዓመት 48 መጻሕፍት ማለት ነው። ያነበበውንም በአጭር ቃል በደብተር ቢጽፍ፣ አሳቡን በጽሑፍ መግለጽን ያለ አስተማሪ ይማራል። ብዙ የጽሕፈት ቤት ሹማምንት አዲስ የተቀጠረው ምሩቅ አንዲት ደብዳቤ አስተካክሎ መጻፍ አቃተው ሲሉ ያማርራሉ፤ የዚህ ሕመም መድኀኒቱ ከዚህ ደብተር አይርቅም።

ቅዳሜና እሑድ ደግሞ እጅን ለሚያሠለጥን ሙያ የተመቹ ናቸው። የሒሳብ አያያዝ፣ በኮምፒዩተር መጻፍ፣ ከአፍ መፍቻው ሌላ አንድ ተጨማሪ የአገር ቋንቋ፣ በወደብ ንግድ ለሚያስብም ዐረብኛ፣ በሳምንት በጥቂት ሰዓት የሚለመዱ ናቸው። የንግድ ሥራ ተምሮ ዲክላራሲዮን በዐይኑ ያላየ፣ ኤልሲ እንዴት እንደሚከፈት በቃል እንጂ በወረቀት የማያውቅ ምሩቅ ብዙ ነው። ሰውነትን የሚያጠነክር ስፖርትም በእነዚሁ ቀናት ሥፍራ ሊኖረው ይገባል፤ ዕረፍት ራሱ የሥራ ወገን ነውና። ገበሬ በሬውን ከቀንበር የሚፈታው ለማግሥቱ እርሻ እንዲበረታለት መሆኑን ሁሉም ያውቃል።

የክረምቱ ዕረፍት ግን ከሁሉ የበለጠ ሀብት ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ከተከፈተ ብዙም ሳይቈይ፣ ተማሪዎች የሕዝብን ልማድ የሚያጠና ማኅበር አቋቁመው፣ የየትውልድ አገራቸውን የጋብቻ ሥርዐት፣ በዓልና ወግ እየጻፉ በማኅበሩ መጽሔት ያሳትሙ ነበር። ጸሐፊዎቹ ታዋቂ ሊቃውንት አልነበሩም፤ ሽማግሌ መጠየቅና የሰሙትን በታማኝነት መጻፍ የሚችሉ ወጣቶች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1963 የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሲቋቋም ሥራውን ከባዶ እንዳይጀምር ካደረጉት ጥረቶች አንዱ ይህ ነው። ዛሬም በክረምት ወደ መንደሩ የሚመለስ ተማሪ፣ የአባቱን የእህል ስም ዝርዝር፣ የአካባቢውን የሽምግልና ሥርዐት፣ የገበያውን ቀንና የዕቃውን ዋጋ በደብተር ቢይዝ፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ዋጋው ከፍ ያለ መዝገብ ይሆንለታል።

በመንደር የሚገኘው ዕውቀት ንቀት የማይገባው መሆኑንም አንድ ምሳሌ ያስረዳናል። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዐድዋ የቢልሃርዝያን በሽታ ሲመረምሩ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ በሽታውን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። እንዶድን እናቶቻችን ከጥንት ጀምሮ ያውቁት ነበር። የተማረው ሰው ያስገኘው ትርፍ፣ ወንዝ ወርዶ በማየቱና ያየውን ነገር ምክንያቱን በመጠየቁ ነው። በቤት ውስጥ ተዘግቶ ክረምቱን የሚያሳልፍ ተማሪ ይህን የመሰለ ዕድል ከወዴት ያገኛል?

ሁሉም ተማሪ እኩል ጊዜ እንደሌለው ግን መርሳት አይገባም። የገበሬው ልጅ ወደ ቤቱ ሲመለስ ሞፈርና ቀንበር ይጠብቁታል፤ እርሱ ወላጆቹን ሲረዳ ከሁሉ የበለጠውን ሥራ ሠራ እንጂ ጊዜ አባከነ አይባልም። እኅቶቻችን ደግሞ ገና ከመድረሳቸው የወጥ ቤቱና የውሃው ሥራ በላያቸው ይወድቃል፤ ወንድማቸው ለንባብ ሲቀመጥ እነርሱ እንጀራ ይጋግራሉ። ወላጆች ይህን አይተው የቤቱን ሥራ በልጆቻቸው መካከል በትክክል ቢያካፍሉ፣ ለሴት ልጃቸው የሚሰጡት ሁለት ሰዓት ብዙ ገንዘብ ከማውጣት የሚበልጥ ስጦታ ይሆናል።

መንግሥታትም የተማሪን ጊዜ ለሕዝብ ጥቅም ለማዋል ሞክረዋል። እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ይደረግ ነበር፤ ብዙዎቹም በመምህርነት ሠርተዋል። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ የደርግ መንግሥት ተማሪዎችንና መምህራንን በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር አሰማራ። ከእነዚህ ሥራዎች መልካም ፍሬ የተገኘ ቢሆንም፣ በትእዛዝ የተጀመረው ነገር ከትእዛዙ ጋር አልፏል። በየወረዳውና በየመደብሩ በውዴታ የሚጀመር ልማድ ግን አዋጅ ሲለወጥ አብሮ አይለወጥም።

አሁን ወደ አስተዳዳሪዎችና ወደ ነጋዴዎች ድርሻ እንመለስ። በየጊዜው የሚወጣው የሥራ ማስታወቂያ ሁለትና ሦስት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል። ሁሉም ልምድ ያለውን ሰው ከፈለገ፣ ልምድ የሚሰጠው ማን ሊሆን ነው? በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የመውጫ ፈተና ተማሪው የተማረውን ማወቁን ይመዝናል፤ የተቈጣ ደንበኛን በትሕትና ማነጋገር መቻሉን፣ የጐደለ ገንዘብ ሲገኝ መዝገቡን ከሥሩ መመርመሩን ግን አይመዝንም። ይህን የሚያስተምረው የሥራው ቦታ ብቻ ነው።

የእንግሊዙ ሊቅ የማይክል ፋራዴይ ታሪክ ለነጋዴዎች ልዩ ትምህርት አለው። ፋራዴይ በ14 ዓመቱ በለንደን ከአንድ መጽሐፍ ደጓሽ ዘንድ ሙያ ለመልመድ ገባ። ጌታው የሚጠርዛቸውን መጻሕፍት እንዲያነብ አልከለከለውም። እ.ኤ.አ. በ1812 ከደንበኞቹ አንዱ ሰር ሃምፍሪ ዴቪ ወደሚያስተምሩበት ጉባኤ መግቢያ ቲኬት ሰጠው፤ ወጣቱም የሰማውን ጽፎና ጠርዞ ለሊቁ ላከ፤ በ1813 በረዳትነት ተቀጠረ። በ1831 ያገኘው የኤሌክትሪክ ሕግ ዛሬ ዓለም የሚጠቀምበትን ኀይል የሚያመነጩት መኪናዎች መሠረት ነው። የልጁ ትጋት የተመሰገነ ነው፤ ነገር ግን አንድ ባለሱቅ ባይፈቅድ፣ አንድ ደንበኛም ባያስብለት ኖሮ ትጋቱ ብቻውን ምን ያህል ባደረሰው?

ነጋዴዎች የሚያቀርቡት ምክንያት እንዳለ እናውቃለን። ተማሪ ሥራ ያበላሻል፣ የቤቱን ምስጢር ያወጣል፣ የሚያስተምረውንም ሰው ጊዜ ይወስዳል ይላሉ። ምክንያቱ ከንቱ አይደለም፤ መፍትሔው ግን ከባድ አይደለም። ለመጀመሪያው ወር ተማሪው ወደ መጋዘን ገብቶ ዕቃ ይቍጠር፣ የተቈረጡ ደረሰኞችን በቀን ቅደም ተከተል ያስተካክል፣ ቆጠራውን ከመዝገቡ ጋር ያመሳክር። በዚህ ሥራ ምስጢር አይወጣም፤ የጠባዩ ታማኝነትና ጥንቃቄው ግን ይታያል። በሁለተኛው ወር አንድ ነባር ሠራተኛ አጠገብ ተቀምጦ መዝገብ ቢይዝ፣ ነጋዴው ወደፊት ሊቀጥረው የሚገባውን ሰው ያለ ደላላ ዐወቀ ማለት ነው።

በአስተዳደር ጽሕፈት ቤትም እንዲሁ ነው። በየመዝገብ ቤቱ አቧራ የለበሰ ፋይል ተከምሮ ባለጉዳይ «ፋይልህ ጠፍቷል» እየተባለ ይመላለሳል። ሁለት ተማሪዎች አንድ ክረምት ቢሠሩ ብዙውን ፋይል በፊደል ተራ ሊያስቀምጡት ይችላሉ። መጻፍ ለማይችል አረጋዊ ማመልከቻ ቢጽፉለትም፣ ሕዝብ በመንግሥት ደጅ ምን እንደሚደርስበት ሹመት ሳይዙ ያያሉ። ይህን በወጣትነቱ ያየ ሰው በሹመቱ ዘመን ባለጉዳይን «ነገ ተመለስ» ለማለት ይከብደዋል።

ሁለት ነገር ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። አንደኛው፣ ተማሪን ያለ ክፍያ በማሠራት ደመወዝተኛውን ከሥራ ማስወጣት ፍጹም አይገባም፤ ለሚመጣውም ወጣት ቢያንስ የምሳውንና የመጓጓዣውን መስጠት የባለቤቱ ግዴታ ሊሆን ይገባል። ሁለተኛው፣ ለተግባር ልምምድ የተላከውን ተማሪ ሻይ ሲያመላልስ አውሎ፣ ወይም ከነጭራሹ ሳይመጣ፣ በመጨረሻ ወረቀቱ ላይ ማኅተም መትቶ መስደድ በየቦታው የሚታይ ነውር ነው። ይህ ማኅተም ውሸት ነው፤ ወጣቱ ከመሥሪያ ቤት የሚማረው የመጀመሪያ ትምህርትም ውሸት ይሆናል።

እንግዲህ አሳባችንን ባጭሩ እናቅርብ። እያንዳንዱ የአስተዳደር ጽሕፈት ቤትና አቅሙ የሚፈቅድለት የንግድ ቤት ሁሉ በየክረምቱ አንድ ተማሪ ለሁለት ወር ይቀበል። የሚሠራው ሥራ በጽሑፍ ይነገረው፤ የሚመራው ነባር ሠራተኛ ይመደብለት፤ ሲጨርስም ደግና ክፉውን በእውነት የሚገልጽ የምስክር ደብዳቤ ይሰጠው። ተማሪው በበኩሉ በሰዓቱ ይገኝ፣ የታዘዘውን ትንሽ ሥራ ሳይንቅ ይፈጽም፣ የማያውቀውን ይጠይቅ። መቶ ነጋዴዎች ባሉበት ከተማ ከዐሥሩ አንዱ እንኳ ቢፈቅድ፣ ዐሥር ወጣቶች በክረምቱ ፍጻሜ ወደ ኮሌጃቸው የሚመለሱት ሥራን በዐይናቸው አይተው ይሆናል።

የክረምቱ ዕረፍት በየዓመቱ ይመጣል፤ የአንድ ተማሪ የኮሌጅ ክረምት ግን ከሦስት ወይም ከአራት አይበልጥም። ስለዚህ የመጪው ክረምት ዝናም ሳይጀምር፣ አስተዳዳሪው ከመዝገብ ቤቱ ኀላፊ፣ ነጋዴውም ከሒሳብ ያዡ ጋር ተማክሮ ለአንድ ተማሪ የሚሆን ወንበር እንዲያዘጋጅ በትሕትና እናሳስባለን።