እህል ይቀምሳል? እንቅልፍስ ይወስደዋል?

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1944 በአሜሪካ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ጤነኛ ወጣቶች ወደውና ፈቅደው ለመራብ ገቡ። ኅሊናችን አይፈቅድም ብለው ጠመንጃ ያልያዙ ነበሩ፤ ጦርነት ያስራበውን ሕዝብ እንዴት መልሶ መመገብ እንደሚቻል እንዲታወቅ ገላቸውን ለጥናት ሰጡ። አንሴል ኪይስ የተባለው ተመራማሪ ምግባቸውን በግማሽ ገደማ ቀንሶ ለስድስት ወር በድንች፣ በማካሮኒና በጥቁር ዳቦ አቆያቸው። ከክብደታቸው ሩብ ያህሉን አጡ። ጠባያቸው ደግሞ ከሰውነታቸው ባልተናነሰ ተለወጠ። ሳህን ይልሳሉ፤ የምግብ አሠራር መጽሐፍ ሰብስበው ያነባሉ፤ አሁን ደስ ያለው ቆየት ብሎ ይከፋዋል፤ በትንሽ በትልቁ ይነጫነጫሉ። እንደ ልባችሁ ብሉ ሲባሉም አንዳንዶቹ ሆዳቸው ጢም ብሎ ማቆም አቃታቸው።

ለጥናቱ የተመረጡት አእምሯቸውም ጤነኛ መሆኑ ተረጋግጦ ነበር።

ይህ ታሪክ ዛሬም መነሳት ያለበት፣ ሁለት ሕመሞች በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ሐኪምም ቤተሰብም ግራ ስለሚጋባ ነው። አንዱ ባይፖላር ነው፤ ሰውን ለቀናት ወይም ለሳምንታት ከልክ ባለፈ ጉልበትና ሞቅታ ያከንፈዋል፣ ይህም ማኒያ ይባላል፤ በሌላ ጊዜ ደግሞ ከአልጋ በማያስነሳ ድባቴ ይጥለዋል። ሌላው የአመጋገብ መታወክ ነው። እስከ አጥንት የሚያከሳው አኖሬክሲያ፣ አብዝቶ በልቶ የማስመለስ ሕመም የሆነው ቡሊሚያ፣ እንዲሁም ሳያስመልሱ ከቁጥጥር ውጭ መብላት እዚህ ውስጥ ይገባሉ።

የሥነ አእምሮ ሐኪሟ ሱዛን ማክኤልሮይና ባልደረቦቻቸው 875 የባይፖላር ታካሚዎችን አጥንተው በ2011 እንዳሳተሙት፣ ከ100ው 14 ያህሉ በሕይወት ዘመናቸው የአመጋገብ መታወክ ደርሶባቸዋል። ከሁሉ በዝቶ የተገኘው ከቁጥጥር ውጭ መብላት ነበር። የአመጋገብ ሕመም ሲባል ሰው ዐይኑ ላይ የሚመጣው የከሳች ወጣት ናት፤ ሌሊት ተነስቶ ብቻውን ማቀዝቀዣ የሚያራቁተው ጎልማሳ ግን ሆዳም ተብሎ ይታለፋል። በዚህ ጸሐፊ እምነት ይህ ትልቅ በደል ነው።

በማኒያ ጊዜ ሰው እንቅልፍም ምግብም ይረሳል፤ ወይም ገንዘቡን እንደሚበትነው ሁሉ ሳያስብ ይበላል። በድባቴ ጊዜ አንዱን እህል አልወርድ ይለዋል፣ ሌላው በዳቦና በጣፋጭ ይጽናናል። መራቡ ራሱ ደግሞ፣ በሚኒሶታ እንደታየው፣ ስሜትን ያናውጣል። የቱ የቱን እንዳመጣ መለየት ከባድ ነው።

አሜሪካዊቷ ዘፋኝ ዴሚ ሎቫቶ በ2010 የሙዚቃ ጉዞዋን አቋርጣ ሕክምና ገባች፤ ከችግሮቿ አንዱ ቡሊሚያ ነበር። በ2011 ባይፖላር እንዳለባት እንደተነገራት ይፋ አደረገች። ከአሥር ዓመት በኋላ ግን፣ በ2021 በወጣው ዘጋቢ ፊልሟ፣ ሌሎች ሐኪሞች ባይፖላር እንደሌለባት እንደነገሯት ተናገረች። አንድ ሰው የሕመሙን ስም ለማወቅ ይህን ያህል ዓመት ሲፈጅበት ማየት ያሳዝናል።

ስሙ ቢታወቅም መድኃኒቱ ሌላ ፈተና አለው። አውስትራሊያዊው ሐኪም ጆን ኬድ በ1949 ጥቅሙን ካሳወቀ ወዲህ ሊቲየም ብዙ የባይፖላር ታካሚዎችን አረጋግቷል። ሊቲየም እንደ ጨው ነው፤ ኩላሊትም ከገበታው ጨው እምብዛም አይለየውም። አንዲት ታካሚ ማታ ኪኒኗን ዋጠች እንበል። ከእራት በኋላ ድምፅ እንዳይሰማ የመታጠቢያ ቤቱን ቧንቧ ከፍታ ታስመልሳለች። በማግስቱም፣ በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። ውኃና ጨው ሲጎድላት ኩላሊቷ የቀረውን ጨው አጥብቆ ይይዛል፤ ሊቲየሙንም አብሮ። አንድ ኪኒን ሳትጨምር መድኃኒቱ ደሟ ውስጥ ይጠራቀማል። እጇ ይንቀጠቀጣል፣ እርምጃዋ ይንገዳገዳል፣ አንደበቷ ይተሳሰራል፤ ካልተደረሰላትም ለሞት ያሰጋታል። ሐኪሟ ስለ ኪኒኑ እንጂ ስለ እራቱ ካልጠየቃት ይህን ከየት ያውቃል?

ሌሎቹም መድኃኒቶች ጣጣ አላቸው። ኦላንዛፒንና ቫልፕሮት ክብደት ይጨምራሉ፤ መወፈርን ከሞት አስበልጦ የሚፈራ ታካሚ ኪኒኑን ምላሱ ሥር ደብቆ ሊተፋው ይችላል። ለቡሊሚያ የሚታዘዘው ፍሉኦክሲቲን ደግሞ ስሜት የሚያረጋጋ መድኃኒት ሳይጨመርበት ለባይፖላር ታካሚ ከተሰጠ ማኒያ ሊቀሰቅስበት ይችላል።

በአማርኛ ተናጋሪ ቤት በሽተኛ ጠያቂ ገና ከመቀመጡ ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ እህል ይቀምሳል? እንቅልፍስ ይወስደዋል? የሥነ አእምሮ ሐኪምም ሁለቱን አጣምሮ ቢጠይቅ ብዙ ያገኛል፤ ከበሉ በኋላ ምን እንደሚሆኑም ሳይነቅፍ ቢጨምርበት። በጾም ወቅት ጥያቄው ይበልጥ ይከብዳል። በዐቢይ ጾም ወይም በረመዳን ከእህልና ከውኃ የሚታቀብ የሊቲየም ታካሚ ደሙ ውስጥ ያለው መጠን ከፍ ሊል ይችላል፤ በምግብ የምትሰቃይ ልጅም አለመብላቷን ከጾሙ ጀርባ ልትደብቀው ትችላለች። ስለዚህ ጾሙ ሳይገባ ሐኪሙንም፣ የንስሐ አባቱን ወይም ሼኹንም ማማከር ያስፈልጋል፤ የሊቲየም የደም ምርመራውም ያን ጊዜ ቢደረግ ነው የሚሻለው።