የክርስቲያን ባለአክሲዮን ኃላፊነት፦ ከመራቅ ባሻገር

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2013 የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ጀስቲን ዌልቢ፣ ዎንጋ የተባለውን በከፍተኛ ወለድ የአጭር ጊዜ ብድር የሚሰጥ ኩባንያ ቤተ ክርስቲያናቸው የብድር ማኅበራትን በማጠናከር ከገበያ እንደምታስወጣው ተናገሩ። ወዲያውም የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ራሷ፣ በሌላ ፈንድ በኩል፣ በዚያው ኩባንያ ውስጥ 75 ሺህ ፓውንድ ገደማ እንዳላት ታወቀ። ቤተ ክርስቲያኒቱ ከምታስተዳድረው ሀብት አንጻር ገንዘቡ ኢምንት ቢሆንም ሊቀ ጳጳሱ ማፈራቸውን አልሸሸጉም፤ በቀጣዩ ዓመትም ድርሻው ተላለፈ።

ቤተ ክርስቲያኒቱ ምን ላይ ገንዘብ እንደማይውል የሚወስን የሥነ ምግባር ደንብ ነበራት። ደንቡ ግን ገንዘቡ በሌሎች እጅ አልፎ የት እንደ ደረሰ ሊከታተል አልቻለም። ስለዚህ የተከለከሉ ዘርፎችን መዘርዘር ብቻውን የክርስቲያን መዋዕለ ንዋይ መለኪያ ሊሆን አይችልም።

በእርግጥ የመራቅ ትውፊት ጥንታዊና የተከበረ ነው። በ325 የተሰበሰበው የኒቅያ ጉባኤ ካህናት አራጣ እንዳይቀበሉ ደንግጓል። እ.ኤ.አ. በ1971 ሁለት የሜቶዲስት አገልጋዮች በአሜሪካ ያቋቋሙት ፓክስ ወርልድ ፈንድም ከጦር መሣሪያ አምራቾች ርቋል። በዚያው ዓመት ግን የአሜሪካ ኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን ሌላ መንገድ አሳየች። የጄኔራል ሞተርስ ባለአክሲዮን እንደ መሆኗ፣ ኩባንያው የዘር መድልዎ ሥርዓት ከሰፈነባት ደቡብ አፍሪካ እንዲወጣ ለባለአክሲዮኖች ጉባኤ የውሳኔ ሐሳብ አቀረበች። ሐሳቡ በድምፅ ብልጫ ቢወድቅም፣ ባለቤትነት የመጠየቅ ኃላፊነት እንዳለበት አስተማረ።

ይህ ትምህርት ለኢትዮጵያ ወቅታዊ ነው። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በ2017 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል፤ አክሲዮን መግዛትና መሸጥም ከቀድሞው ይልቅ ለብዙዎች እየቀረበ ነው። ቤተ እምነቶች፣ መንፈሳዊ ማኅበራትና ምእመናን ባለአክሲዮን ሲሆኑ፣ በጠቅላላ ጉባኤ ላይ የትርፍ ድርሻን መጠን ብቻ ጠይቀው ሊመለሱ አይገባም። ድርጅቱ ለማን እንደሚያበድር፣ ሠራተኛውን እንዴት እንደሚይዝ፣ ትርፉ ከየት እንደሚገኝ መጠየቅ የእምነታቸው አካል ነው።

እንዲህ ያለው ጥያቄ ትርፍን ይቀንሳል የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ስጋቱ ሊናቅ አይገባም፤ በተለይ ጡረተኛንና መበለትን የሚደግፍ ገንዘብ በጥንቃቄ መያዝ አለበት። ሆኖም በመክሊቱ ምሳሌ የተጠየቀው ገንዘቡ ብቻ ሳይሆን የአገልጋዩ ታማኝነትም ነው። ጥቂት አክሲዮን የያዘ ምእመን ድምፁ ያነሰ መስሎ ሊታየው ይችላል። በአንድ አጥቢያ ያሉ ባለአክሲዮኖች ግን ተመካክረው አንድ ጥያቄ በጋራ ቢያቀርቡ ጉባኤው ሊያልፈው አይቀለውም። ገንዘብ ከኪስ ሲወጣ ኅሊና በቤት አይቀርም።