የቦክሰኛ ኃይሉ ከክንዱ ነው ወይስ ከልቡ?

ከጓደኞቼ ጋራ ዘወትር የምንከራከርበት ጥያቄ ነው። አንዳንዶቹ «ቡጢ የጡንቻ ነገር ነው፤ ክንዱ የበረታ ያሸንፋል» ይላሉ። እኔ ግን ሁለቱም ብርቱዎች በሆኑበት የሻምፒዮና ግጥሚያ የሚያሸንፈው አሳቡን የሰበሰበው ነው እላለሁ። ምክንያቴም እነሆ።

ጥቅምት 20 ቀን 1967 ዓ.ም. ጆርጅ ፎርማንና መሐመድ ዓሊ ለዓለም የከባድ ሚዛን ሻምፒዮንነት ኪንሻሳ ላይ ተገናኙ። ፎርማን ጆ ፍሬዚየርንና ኬን ኖርተንን እያንዳንዳቸውን በ2ኛው ዙር ያሸነፈ የ25 ዓመት ጎልማሳ ነበር፤ ዓሊ ግን 32 ዓመት ሞልቶት ነበር። ዓሊም ገመዱን ተደግፎ፣ ፊቱን በክንዶቹ ጋርዶ፣ በንግግርም እየነካካ ፎርማንን አደከመው፤ በ8ኛውም ዙር ዘረረው። ቁጣ ኃይልን ያፈሳል፤ ትዕግሥት ግን ያጠራቅማል።

ሁለተኛው ምሳሌ ከዚህም ይጠነክራል። የካቲት 4 ቀን 1982 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ጄምስ ዳግላስ በ37 ግጥሚያ ተሸንፎ የማያውቀውን ማይክ ታይሰንን ገጠመ። እናቱ ከሞተች ገና አንድ ወር አልሞላም ነበር። በ8ኛው ዙር ተመትቶ ወደቀ፤ ቆጠራው ሳያልቅ ተነሣ፤ በ10ኛው ዙር ታይሰንን ጣለው። ይኸው ሰው ግን ከ8 ወር በኋላ ሰውነቱ ከብዶ ቀረበና በኢቫንደር ሆሊፊልድ በ3ኛው ዙር ተሸነፈ። ክንዱ ያው የዱሮው ክንድ ነበር፤ የጎደለው፣ በእኔ አስተያየት፣ ያ የቶኪዮው ልብ ነው።

ይህን ስል ልምምድ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። ትንፋሹ ያጠረ ሰው አሳቡም ይበተናል። የእኛው አበበ ቢቂላ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. የቶኪዮን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ያሸነፈው በብርቱ ልብና በብዙ ልምምድ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ጠመዝማዛ በሩጫ የሞከረ ሁሉ ነገሩን ያውቀዋል፤ የዳገቱን ጫፍ የሚያስብ መንገድ ላይ ይቀራል፤ የፊቱን ኩርባ ብቻ የሚያይ ደሴ ይገባል። ቦክሰኛም ቀበቶውን ትቶ የሚመጣውን ቡጢ ማየት አለበት።

«ልብ ካላየ ዓይን አያይም» ይባላል። አሳቡ የባከነ ቦክሰኛ የሚያጣው ማዕረጉን ብቻ አይደለም፤ ሳያየው የመጣ ቡጢ ጭንቅላቱን ይጎዳዋል። አገራችን በኦሊምፒክ ያገኘቻቸው ሜዳሊያዎች ሁሉ የአትሌቲክስ ናቸው፤ በቡጢ ገና አንድም የለንም። ስለዚህ አሠልጣኞች ከረጢት ከማስመታት ጋር ረጋ ብሎ ማሰብንም ያስተምሩ። እኛም ተመልካቾች «በለው! ጨርሰው!» እያልን የልጁን ልብ ከሜዳው አናስወጣበት።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፣ የ12ኛ ክፍል ፈተናም የራሱ ደወል አለው። በዚያን ቀን የሚረዳን ያጠናነውና የተረጋጋው ልባችን ነውና ሁለቱንም ከዛሬ ጀምረን እናሠልጥናቸው።