አንድ ኮምፒውተር፣ ሁለት ዲስክ፦ አውሮፕላን ስለማብረር የምለው አለኝ

ዛሬ ስለ ፖለቲካ አልጽፍም፤ እሱ በየስልካችሁ ሞልቷል። አርላንዳ የታክሲ ወረፋ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፈው። ከፊቴ ገና ብዙ መኪና አለ፣ ስለዚህ ረዘም ቢል ታገሱኝ። ርዕሴ አንዳንዶቻችሁን ያስቃል፤ በኮምፒውተር አውሮፕላን ስለማብረር ነው።

ባለፈው እሑድ ቤታችን እንግዶች ነበሩ። ቡና እየተጠጣ አንድ ወዳጄ ጥግ ላይ ያለውን ጠረጴዛ አየና "ይሄ ጆይስቲክ የማን ነው?" አለ። "የኔ ነው" ስል ቤቱ በሳቅ ሞላ። "አንተ ሰውዬ፣ አርባ ስድስት ዓመትህ እኮ ነው! ኢንጂነር የነበርክ ሰው ጌም ላይ ተቀመጥክ?" አለኝ። አብሬ ስቄ አለፍኩት። ግን ጥያቄው ስላልለቀቀኝ መልሱን እዚህ ልስጥ።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። ቤት የሚያውከው ጨዋታው ራሱ አይመስለኝም። ጨዋታው ከሥራና ከቤተሰብ ጋር ያለ ግድግዳ ሲደባለቅ ነው የሚያውከው። ይህንን የተማርኩት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከራሴ ጥፋት ነው።

የዛሬ ሦስት ዓመት ገደማ ነው። የቤታችን ኮምፒውተር አንድ ዲስክና አንድ ዊንዶውስ ነበረው፤ ሁሉም ነገር እዚያ ላይ ነው። የኔ የታክሲ ሂሳብ፣ የልጆቹ የትምህርት ቤት ሥራ፣ የባለቤቴ ፎቶዎች። እኔ ደግሞ እዚያው ላይ ሊኑክስ ልጨምርና ለበረራ ብቻ ልጠቀምበት አሰብኩ። ከሥራ ገብቼ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ዓይኔ እየተጨፈነ ጀመርኩ። መጫኛው ጠየቀኝ፦ ከዊንዶውሱ ጎን ልጫን ወይስ ዲስኩን ሙሉ በሙሉ አጥፍቼ ልጫን? የቸኮለ አፍሶ ለቀመ አይደል የሚባለው? ሁለተኛውን ነካሁ።

የባለቤቴ አባት ደሴ ሲያርፉ ለቀብር አልደረሰችም፤ ወረቀታችን ገና አላለቀም ነበር። ከቀብሩና ከተዝካሩ የተላኩላት ፎቶዎች የነበሩት እዚያ ዲስክ ላይ ብቻ ነው። ጠዋት ስነግራት አልጮኸችም። ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና ዝም አለች። ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር።

ፎቶሬክ በሚባል ነፃ ፕሮግራም ብዙውን መልሼ አወጣሁት። ፕሮግራሙ ፎቶውን ያገኛል እንጂ ስሙንና ማህደሩን አይመልስም። ከአራት ሺህ በላይ ፎቶ በቁጥር ብቻ ተደርድሮ መጣ፤ የልደት፣ የበረዶ፣ የደረሰኝ፣ የለቅሶ፣ ሁሉም ተደባልቆ። ባለቤቴ እስከ ዛሬ ማታ ማታ ትለያቸዋለች። የአባቷ አብዛኛው ተገኝቷል። ሁለት ቪዲዮ ግን አልተከፈተም።

የሚያበሳጨኝ ምን መሰላችሁ? አገር ቤት መካኒካል ኢንጂነር ሆኜ ስምንት ዓመት ስሠራ፣ ኤሌክትሪኩን ሳላቋርጥና ማብሪያውን ቆልፌ ቁልፉን ኪሴ ሳልከት አንድም ማሽን ፈትቼ አላውቅም። ይህን ያልጠበቀ ሠራተኛ እጁን ሊያጣ ይችላል። እኔ በራሴ ቤት፣ በራሴ ሚስት ፎቶ ላይ፣ ሳልቆልፍ ገባሁ። "ጌም ነው" ብዬ ስለናቅኩት ነው።

ከዚያ በኋላ በደንቡ ሠራሁት። ልትሞክሩ የምታስቡ ካላችሁ እንዲህ ነው።

አንደኛ፣ ከምንም ነገር በፊት ቅጂ። ሁለት ቅጂ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። የኛ አንዱ እህቴ ቤት ነው።

ሁለተኛ፣ አንድ ዲስክ ለሁለት ከመክፈል ሌላ ዲስክ መግዛት። አንድ ኤስኤስዲ ከአንድ ጥሩ የቅዳሜ ሌሊት ገቢ አይበልጥም። ኮምፒውተሩን አጥፉ፣ የቤቱን ዲስክ ገመዱን ንቀሉ፣ አዲሱን ብቻ ሰክታችሁ ሊኑክሱን ጫኑ፣ ሲያልቅ የቤቱን መልሱ። የተነቀለ ዲስክ በስህተት አይጠፋም፤ ቁልፉ ኪሳችሁ ውስጥ ነው ማለት ነው። ኮምፒውተሩ ሲነሳ በየትኛው ዲስክ እንዲነሳ በአንድ ቁልፍ ትመርጣላችሁ፤ በኔ ላይ ኤፍ 12 ነው። አንደኛው ቢበላሽ ሌላኛው ምንም አይሆንም።

ሦስተኛ፣ ዊንዶውሱ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ 48 አሃዝ ያለውን የማስከፈቻ ቁጥር አስቀድማችሁ ወረቀት ላይ ጻፉ። የማስነሻውን ቅንብር ስትነኩ ሌባ የመጣ መስሎት ያንን ቁጥር ሊጠይቃችሁ ይችላል።

አራተኛ፣ ዊንዶውስ ውስጥ "ፋስት ስታርትአፕ" የሚባለውን አጥፉት። እሱ እያለ ዊንዶውስ ጠፋሁ ሲላችሁ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፤ አንድ ዓይኑን ገልጦ ነው የሚተኛው። በዚያ ሰዓት ሊኑክሱ የዊንዶውሱን ዲስክ ቢነካ ፋይል ሊበላሽ ይችላል።

አምስተኛው ሰዓት ነው፤ እዚህ ላይ እኛ ሐበሾች እንስቃለን። ዊንዶውስ በማሽኑ ውስጥ ያለውን ሰዓት የአካባቢ ሰዓት ነው ብሎ ያነበዋል። ሊኑክስ ደግሞ ያው ሰዓት ዓለም አቀፉ ነው ይላል። ስለዚህ ከአንዱ ወደ ሌላው ስትሻገሩ ሰዓቱ ስቶክሆልም ላይ በክረምት በአንድ፣ በበጋ በሁለት ሰዓት ይዛባል። የስዊድን ጎረቤቴ ይህ ነገር ሊያሳብደው ደርሶ ነበር። እኔ ግን እናቴ ከአዲስ አበባ "ሦስት ሰዓት ላይ እደውላለሁ" ስትለኝ በልቤ ስድስት ጨምሬ፣ ደግሞ የስቶክሆልምን ልዩነት ቀንሼ የምኖር ሰው ነኝ። መፍትሔው አንድ መስመር ትዕዛዝ ነው፤ ሊኑክሱን "አንተም የአካባቢውን ሰዓት ተጠቀም" ማለት።

ለምን ሊኑክስ ትሉኝ ይሆናል። ኤክስ ፕሌን የተባለው ሲሙሌተር በዊንዶውስም፣ በማክም፣ በሊኑክስም ይሠራል። ፍላይትጊር ደግሞ ከነኮዱ ነፃ ነው፣ ሳንቲም አይጠይቅም። በ2020 የወጣውን የማይክሮሶፍቱን የምትወዱ ካላችሁ እሱ ሊኑክስ ላይ እንዲሄድ አልተሠራም፤ ሁለተኛው ዲስክ ላይ ሌላ ዊንዶውስ ጫኑ። ዋናው ነገር ግድግዳው ነው። የኔ የበረራ ዲስክ ላይ ኢሜይል የለም፣ ፌስቡክ የለም፣ ቴሌግራም የለም። ይህን ጽሑፍ ከዚያ ላይ ልለጥፍ ብል አልችልም።

አሁን ወደ ወዳጄ ሳቅ ልመለስ። "ጌም" የሚለው ቃል ነው ያሳተው። የአየር መንገዳችን አብራሪዎች መንገደኛ ከመጫናቸው በፊት አዲስ አበባ ባለው ማሠልጠኛ በሲሙሌተር ይፈተናሉ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. በበረራ ቁጥር 302 አደጋ 157 ሰው ካጣን በኋላ፣ ቦይንግ ራሱ የ737 ማክስ ሲሙሌተሩ ሶፍትዌር ጉድለት እንደነበረበት አምኗል። ሲሙሌተር እውነቱን በትክክል ካላሳየ ሰው ያልተለማመደው ነገር አየር ላይ ይገጥመዋል። የኔ የቤት ጠረጴዛ ከዚያ ጋር አይወዳደርም፣ አብራሪም አያደርገኝም። የሚያስተምረው የተፈጥሮ ሕግ ግን ያው ነው።

ይህን ያየሁት ከልጄ ጋር ነው። ባለፈው ክረምት፣ እዚህ በታኅሣሥ ፀሐይ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ስትጠልቅ፣ አንድ እቅድ አወጣን፦ ከስቶክሆልም አዲስ አበባ በትንሽ አውሮፕላን። ሐሳቡ የኔ አይደለም። ካውንት ካርል ጉስታፍ ቮን ሮዘንን ታስታውሳላችሁ? በጣሊያን ወረራ ጊዜ ለቀይ መስቀል ያበሩልን፣ ከነፃነት በኋላ ደግሞ ደብረ ዘይት ላይ አየር ኃይላችንን ያደራጁት ስዊድናዊ ናቸው። በኋላም በ1977 እ.ኤ.አ. ጎዴ ላይ በጦርነቱ ሕይወታቸው አለፈ። እኚህ ሰው በ1947 እ.ኤ.አ. ሳብ ሳፊር በምትባል ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ከስቶክሆልም አዲስ አበባ ድረስ አንዴም ሳያርፉ በረሩ። 6,220 ኪሎ ሜትር፣ በ30 ሰዓት ከ52 ደቂቃ። አካፍሉት፤ በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እኔ በኢ4 መንገድ ላይ 110 ስነዳ ከምሄደው እጥፍ እንኳ አይሞላም።

እኛ ሴስና 172 መረጥን። የሷ ነዳጅ ያን ያህል ስለማያስኬድ በየከተማው እያረፍን፣ ሥራ በሌለኝ ማታ ማታ አንድ አንድ ጉዞ ሄድን። ዋርሶ፣ ቤልግሬድ፣ አቴንስ፣ ቀርጤስ፣ ከዚያ ባሕሩን ተሻግረን እስክንድርያ፣ አስዋን፣ ካርቱም።

ካርቱም የደረስን ማታ ያው የሳቀብኝ ወዳጄ ቤት ነበር። ስክሪኑ ላይ ሁለቱ ዓባዮች የሚገናኙበትን ሲያይ ወንበሩን ሳበና ተጠጋ። "ዝቅ በል እስቲ" አለኝ። ዝቅ አልኩ። "ወደ ግራ፤ እዚያ ጋ ሁለት ዓመት ኖሬያለሁ" አለ። ከዚያ ሊቢያ፣ ከሊቢያ ባሕር፤ የቀረውን ታውቁታላችሁ፣ ብዙዎቻችሁም የመጣችሁበት መንገድ ነው። ከሚያዝያ 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያ ከተማ በጦርነት ፈራርሷል፤ በኔ ዲስክ ላይ ግን ዛሬም ጸጥ ብሎ ተኝቷል። ልጄ አንዴ እሱን አንዴ እኔን እያየ ምንም ሳይናገር አበረረ። ለካ እኛ በጨዋታ የምንወርደው መንገድ ሰው ነፍሱን ይዞ የወጣበት ነው። በእሑዱ ሳቅ ውስጥ ወዳጄ ይህን ማታ የረሳው ይመስለኛል።

ቦሌ ደርሰን አረፍን። በማግስቱ ልጄ ከቦሌ ሊነሳ ሞከረ፤ አውሮፕላኗ ትጮኻለች እንጂ አትነሳም። "አባዬ፣ ተበላሽታለች!" አለ። አልተበላሸችም። አርላንዳ ከባሕር ወለል በላይ 42 ሜትር ብቻ ነው፤ ቦሌ 2,334 ሜትር ነው። እዚያ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ይልቅ በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ለሞተሩ የሚገባው አየር ያነሰ ስለሆነ ነዳጁንም በዚያው ልክ መቀነስ አለብህ፤ አለዚያ ይታፈናል። ክንፉም በሳሳ አየር ራሱን ለማንሳት የበለጠ ፍጥነት፣ የበለጠ አስፋልት ይፈልጋል። ወረቀት አምጥቼ ሣልኩለት። ጠየቀኝ፣ መለስኩ፤ ደግሞ ጠየቀኝ። ነዳጁን ቀንሶ፣ አስፋልቱን በደንብ ተጠቅሞ ተነሳ።

በዚያች ማታ ነው የገባኝ፦ ስዊድን ከመጣሁ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ የምህንድስና ጥያቄ ሰው ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። መንገድ ይጠይቁኛል፣ ዋጋ ይጠይቁኛል፣ ከየት ነህ ይሉኛል። ታክሲ መንዳት አላፍርበትም፤ ልጆቼን ያሳደግኩበት ነው። ግን ስንቶቻችን ነን ዲግሪያችንን ሻንጣ ውስጥ ቆልፈን የተቀመጥን? ነርሷ፣ መምህሩ፣ የሂሳብ ባለሙያው? ያ እውቀት የሚንቀሳቀስበት አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ሰዓት፣ አንድ ዲስክ ቢያገኝ ምን ነውር አለው?

"ይሄ ሱስ ይሆንብሃል" የሚለኝ አለ። እውነት ነው፣ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ግድግዳውን የምወደው። ከቤቱ ዲስክ ወደ በረራው ለመሄድ ኮምፒውተሩን አጥፍቼ ማስነሳት አለብኝ። አንድ ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። በዚያች ደቂቃ ስክሪኑ ጥቁር ይሆንና የራሴን ፊት አየዋለሁ። የልጅቷ የቤት ሥራ አልቋል? እናቴ ጋ ደውያለሁ? ነገ በስንት ሰዓት ነው የምነሳው? መልሱ ካላማረኝ ኤፍ 12ን አልነካም፤ ወደ ቤቱ ዲስክ እመለሳለሁ። ስልካችን ላይ ይህች ደቂቃ የለችም። ሥራው፣ ሐሜቱ፣ ፖለቲካው፣ ቤተሰቡ በአንድ ስክሪን ላይ እየተጋፋ ቀኑን ይጨርሰዋል። ሁለት ያባረረ አንድ አይዝም ይባል የለ?

ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው። የምትወዱትን ነገር ካላችሁ በድብቅ፣ በእኩለ ሌሊት፣ የቤተሰባችሁን ነገር እየገፋችሁ አታድርጉት። የራሱን ቦታ፣ የራሱን ሰዓት ስጡትና በግልጽ አድርጉት። ዛሬ ማታ ደግሞ፣ ጌምም ባይኖራችሁ፣ የቤታችሁን ፎቶዎች ቅጂ አድርጉ። ይህንን ነገ አትበሉ።

ወረፋው ደረሰኝ፣ መንቀሳቀስ ጀመርን። ወዳጄ፣ ይህን እንደምታነበው አውቃለሁ። እሑድ ና፤ ቡና አለ፣ መሪውን አንተ ትይዛለህ።

ቸር እንሰንብት፣ ከአርላንዳ።